አደባባዩና አድራሻው

አቅራቢ 1፦ ነሐሴ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ፣ ሮም። ያለፈቃድ ይዘውት ከነበረው የኩርታቶኔ ጎዳና ሕንፃ የተባረሩት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ላይ ባደሩበት ፖሊስ በውሃ ጄት በተናቸው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች 13 ቁስለኞችን አከሙ።

አቅራቢ 2፦ ጉዳቱማ ለሁሉም ታየ። ያልታየው የወረቀቱ ጣጣ ነው!

አቅራቢ 1፦ እንዴት? ብዙዎቹ እኮ ሕጋዊ ጥገኝነት ያገኙ ናቸው።

አቅራቢ 2፦ ናቸው፤ ሕክምናም መብታቸው ነው። ግን የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ የነዋሪነት ምዝገባ ይጠየቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን የቤቶች ሕግ አንቀጽ 5 ደግሞ ያለፈቃድ በተያዘ ሕንፃ የሚኖር ሰው በዚያ አድራሻ እንዳይመዘገብ አገደ። ጭካኔው በቢሮ ቋንቋ ተጽፏል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ስኳር ያለበት ሰው ምን ይሁን?

አቅራቢ 2፦ ሜዱ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ተንቀሳቃሽ ክሊኒኩን ይዞ ያለፈቃድ ወደተያዙ ሕንፃዎች ይሄዳል። ይመረምራል፤ ከመንግሥት ጤና ተቋም ጋርም ያገናኛል።