«ድምፁ አይሰማም»፦ የጉርምስና ዕድሜ የአእምሮ ጤናና የቤተሰብ ግንኙነት



ከዓመታት በፊት በኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ፣ አንዲት እናት ስለ አሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው «ጨዋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም» አሉኝ። ማመስገናቸው ነበር። ልጁን ለብቻው ሳነጋግረው ግን ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደውና ኳስ መጫወት ከተወ ወራት እንዳለፉት ነገረኝ። በልጁ ፈቃድ ለእናቱ ስነግራቸው «እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

አሜሪካዊው የቤተሰብ ሐኪም ገብርኤል ስሚልክስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው የቤተሰብ መጠይቅ አምስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ በድምሩ እስከ 10 ነጥብ ይያዛል። የሚጠይቀውም እናትና አባት አብረው መኖራቸውን አይደለም፤ መላሹ ችግር ሲገጥመው በሚያገኘው እርዳታ፣ በሚደረግለት ምክክርና በሚገለጽለት ፍቅር መርካቱን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ልጅ ወላጁ ፊት «አልረካሁም» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ነጥብ የልጁን ይሉኝታ የሚለካበት ጊዜ አለ። እባካችሁ፣ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ አትጠይቁት።

ነጥቡ ዝቅ ሲልም ወላጅን ለመክሰስ አትቸኩሉ። የተጨነቀ ልጅ ከቤተሰቡ ይሸሻል፤ ሽሽቱም በተራው ቤተሰቡን ያርቃል። በአንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የቱ እንደቀደመ አያሳይምና ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ አይሆንም። ያንኑ ልጅ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።