ከከተማው በፊት ትምህርት ቤቱ
(በሬድዮ የተነገረ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ነገር፤ ከባሕር ማዶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለሥራ የሚመጡ ቤተ ሰቦች፤ ይልቁንም ለትምህርት የደረሱ ልጆች ያሏቸው፤ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ አንዱን ለመምረጥ ሲቸገሩ በምን ሚዛን መዝነው መወሰን እንደሚገባቸው ነው። ይህ የውጭ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሲኤምሲ፤ በአያትና በሰሚት ቤት ሠርተው ወይም ተከራይተው የተቀመጡትን ጎረቤቶቻችንን የምናውቅ ሁሉ እንደምንመሰክረው፤ ከአሜሪካና ከኤውሮጳ የተመለሱ ወይም ለመመለስ የሚያስቡ ወገኖቻችንም ይህንኑ ጥያቄ ማታ ማታ በገበታ ዙሪያ ይከራከሩበታል። ስለዚህ ነገሩ የኛም ነገር ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፤ በመጀመሪያ እነዚህ ሁለት ከተሞች ለምን ጎን ለጎን እንደሚነሡ እናስታውስ። አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተባት፤ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት የሚሰበሰብባት ከተማ ናት። ናይሮቢ በበኩልዋ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1972 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም፤ ቀጥሎም በ1978 የተቋቋመው የከተሞችና የመኖሪያ ጉዳይ ድርጅት መቀመጫ ሆናለች። በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ በሚለያያቸው በእነዚህ ከተሞች መካከል ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው ሲዛወሩ ይኖራሉ። የትውልደ ኢትዮጵያውያንንም መመለስ በ1994 ዓ.ም. የወጣው 270ኛው አዋጅ አቃልሎታል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፤ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን፤ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። በኬንያ ግን የውጭ አገር ወላጅ ለራሱ የሥራ፤ ለልጁም የትምህርት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከአየሩ ጠባይ፤ ከቤቱ ስፋትና ከጸጥታው ነው። በአየር በኩል ግን ሁለቱም የታደሉ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፤ ናይሮቢም 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚገኙ፤ የቆላው ሙቀት አያስቸግራቸውም። በጸጥታም በኩል ከሁለቱ አንደኛዋ ከመከራ ነጻ ነበረች የሚል ሰው ቢኖር የቅርቡን ዘመን ታሪክ ዘንግቷል ማለት ነው። ናይሮቢ በ2000 ዓ.ም. ከምርጫ በኋላ የተነሣውን ሁከት፤ በመስከረም 2006 ዓ.ም. ደግሞ በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ የተፈጸመውን ግድያ አይታለች። በአዲስ አበባም የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የውጭ አገር ሠራተኞቹን ቤተ ሰቦች ከአገር አስወጥቶ ነበር፤ ጦርነቱም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። እንግዲህ ወላጅ «ችግር የማይደርስበት ከተማ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። «ችግር ቢመጣ ልጄ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሊቀጥል የሚችለው በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ቢገባ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልስ አለው።

መልሱም ትምህርት እንደ መሰላል መሆኑን ከመረዳት ይገኛል። አንዱን መሰላል በግማሹ ትቶ ወደ ሌላው የሚዘል ልጅ ሊወድቅ ይችላል፤ ባይወድቅም ዓመት ይባክንበታል። የፈረንሳይን መሰላል የያዘ ልጅ በአዲስ አበባ፤ በአርበኛው በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመውና እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1947 የተመሠረተው ሊሴ አለለት፤ በናይሮቢም ዴኒ ዲድሮ የሚባል ሊሴ አለ። ለጀርመን ልጆች በሁለቱም ከተሞች የጀርመን ትምህርት ቤት ይገኛል። የአሜሪካን ትምህርት ተከትሎ በኢንተርናሽናል ባካሎሬት ለመጨረስ የሚፈልግም፤ በአዲስ አበባ በ1964 የተቋቋመውን ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩልን፤ በናይሮቢ ደግሞ በ1976 የተቋቋመውን የኬንያ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤትን ያገኛል። በእነዚህ መሰላሎች ላይ ያለ ልጅ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ቢዛወር ከተማው ይለወጥበታል እንጂ ትምህርቱ ብዙ አይለወጥበትም። በብሪታንያ ሥርዓት ለሚማር ልጅ ግን ልዩነት አለ። በአዲስ አበባ እንግሊዛዊቱ ክርስቲን ሳንድፎርድ የመሠረቱት፤ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤትና ጥቂት ሌሎች ቢኖሩም፤ በናይሮቢ ቁጥራቸው እጅግ ይበዛል፤ ምርጫውም ይሰፋል።

ወደ አገሩ መደበኛ ትምህርት ለመግባት የሚያስብ ቤተ ሰብ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል። የኛ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ የኬንያ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ግን የሚጀምሩት በጥር መግቢያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ልጅ ወይ ወራት ይጠብቃል፤ ወይ በክፍሉ አጋማሽ ይገባል። ኬንያ ከ2017 ወዲህ፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር፤ የቀድሞውን የ8፤ የ4 እና የ4 ዓመት ሥርዓት ትታ አዲስ ሥርዓት ጀምራለች። በኛም አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና የዋዛ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ልጁን ከውጭ አምጥቶ በ11ኛ ክፍል በዚህ መሰላል ላይ በድንገት የሚያቆም ወላጅ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ይወቀው። በውጭ ሥርዓት ጨርሶ ባገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈልግም፤ የምስክር ወረቀቱን አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማግኘት እንዳለበት አይርሳ።

አድማጮች ሆይ፤ ከመሰላሉ ቀጥሎ የሚመዘነው መንገዱ ነው። ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው ከአንድ የኢጣልያ የሕንጻ ሥራ ኩባንያ ስም መጀመሪያ ፊደሎች ሲሆን፤ በከተማው ምሥራቅ ዳር ያለ ሰፊና መልካም ሰፈር ነው። ነገር ግን ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ያለው በደቡብ ምዕራብ በኩል በአሮጌው ኤርፖርት ነው። ቤቱን በሲኤምሲ ተከራይቶ ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ፤ ልጁን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በመገናኛ አድርጎ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያቋርጥ ፈርዶበታል። የሊሴ ተማሪ ይሻለዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ አልፎ እስከ ለገሃር ያደርሰዋልና፤ ምንም እንኳ መጨናነቁ ቢያስቸግር። በናይሮቢም ነገሩ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ባለበት በጊጊሪ አካባቢ የሚኖር ቤተ ሰብ፤ የጀርመኑንም የኬንያ ኢንተርናሽናሉንም ትምህርት ቤት በቅርብ ያገኛል፤ ልጁን በካረን ወዳለ ትምህርት ቤት የሚልክ ግን እርሱም በመኪና ሰልፍ ውስጥ ይውላል። ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣና ሲመሽ የሚገባ ሕፃን እንቅልፉንም ጨዋታውንም ያጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን፤ ቀጥሎ ቤቱን መምረጥ ይገባል፤ ብዙዎች ግን የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሦስተኛው ሚዛን ገንዘብ ነው። የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ብዙውን ድርጅቱ ይረዳዋል፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ወገናችን ግን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። የትልልቆቹ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ክፍያ የሚታሰበው በዶላር በመሆኑ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙን በብር የሚቀበል ወላጅ የአንዱን ዓመት ብቻ ሳይሆን ልጁ እስኪጨርስ ድረስ ያለውን ዓመት ሁሉ ይቁጠር። በመካከል ገንዘብ ቢያጥር ከመሰላሉ የሚወርደው ልጁ ነውና።

አራተኛውና ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ «አዲስ አበባ ከገባን ልጆቻችን አማርኛ በራሱ ይገባቸዋል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ይህ ተስፋ ግማሹ እውነት ነው። በአጥርና በዘበኛ በተከበበ ግቢ የሚኖር፤ በእንግሊዝኛ የሚማር፤ በመኪና ተወስዶ በመኪና የሚመለስ ሕፃን በሲኤምሲ ተቀምጦ ሳለ የአያቱን ቋንቋ ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። በናይሮቢ ያለ ቤተ ሰብ ደግሞ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው በየማታው ቢያስቈጥር፤ በቤትም በአማርኛ ቢያወጋ፤ ልጁ ከአዲስ አበባው ልጅ ይልቅ አንባቢ ሊሆን ይችላል። ከተማው ዕድሉን ይሰጣል፤ ሥራው ግን የወላጅ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚያጫውተው፤ በበዓል ቀን ከዘመድ ቤት የሚወስደው፤ አያቱ ተረት ስትነግረው እንዲሰማ የሚያስቀምጠው ወላጁ ነው። ልጅ ከአያቱ ጋር በአስተርጓሚ ሲነጋገር ከማየት የሚብስ ቅሬታ የለምና።

እንግዲህ ምክራችንን ስናጠቃልል፤ ልጃችሁ ገና ከአሥር ዓመት በታች ከሆነና የኢትዮጵያ ልጅ ከሆነ አዲስ አበባን ምረጡ፤ በዚህ ዕድሜ መሰላል መለወጥ ብዙ አይጎዳውም፤ ቋንቋና ዘመድ ግን በኋላ በገንዘብ አይገዙም። ልጃችሁ በብሪታንያ ሥርዓት ከፍ ወዳለው ክፍል ከደረሰና በአዲስ አበባ ቦታ ካላገኛችሁ ናይሮቢ ይሻለዋል። በፈረንሳይ፤ በጀርመን ወይም በአሜሪካ ሥርዓት ያለ ከሆነ ከተማው በሥራችሁ ይወሰን፤ መሰላሉ በሁለቱም አለና። ልጃችሁ በመጨረሻዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት ላይ ካለ ግን፤ የሚቻል ሆኖ ሳለ ወዴትም አታንቀሳቅሱት፤ ሥራው ሁለት ዓመት ይጠብቅ፤ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ቀድሞ ይሂድ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ የትምህርት ዘመን ግን እንደ እህል አይለቀምም።

ከሁሉም በላይ፤ ቤት ከመከራየታችሁና ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ልጁን ራሱን ጠይቁት። የሚቀመጥበትን ወንበር፤ የሚሄድበትን መንገድ፤ የሚተዋቸውን ጓደኞች ከናንተ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ውሳኔው የወላጅ ቢሆንም የሚኖርበት ልጁ ነው።