በአክስቴ አርባ ቀን ለእድርተኛው የተናገርኩት



የአክስቴን አርባ ከእኔ ጋር ለማሰብ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጀሞ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ዝም ብል ግን እሳቸው ይታዘቡኛል ብዬ ነው የቆምኩት።

አክስቴ ጾም የማያጎድሉ፣ ልደታን ሳይሳለሙ ገበያ የማይወጡ ሰው እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው ደጅ ላይ ሲቀቀል እስላሙም ክርስቲያኑም ይዘግን ነበር። እርድ የለበት፣ ማን ይቀየማል? የማታውቁትን አንድ ነገር ግን ዛሬ ልናዘዝ።

በ1969 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ወጣቱ ሁሉ ስለ አብዮት ነው የሚያወራው። እኔም ሁለት መጽሐፍ አነበብኩና «ጾም ጸሎት ኋላ ቀርነት ነው» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን የእመቤታችንን ሥዕል ከአክስቴ ግድግዳ ላይ አወረድኩት። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ሥዕሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱና «እራትህ ይቀዘቅዛል፣ ብላ» አሉኝ።

በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ተይዤ ታሰርኩ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው የምሳ ዕቃን ነገር ያውቀዋል። ከውስጥ ባዶውን ከተመለሰ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» ከተባለ ግን መርዶ ነው። አክስቴ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀሩ በር ላይ ተሰልፈዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የጾም ምግብ ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ቅቤ የገባበት ሽሮ ነው! እኔ እንደማልጾም ያውቃሉ፤ እንድከሳባቸው አልፈለጉም። ነገር ግን እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ ወጡን አይቀምሱትም። ስለዚህ አንድ ቀን ጨው ይበዛዋል፣ አንድ ቀን ጭራሽ የለውም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ያን ጨው የበዛበት ሽሮ ስጎርስ ነው፣ ኋላ ቀር ያልኳቸው ሴት ከእኔ ምን ያህል እንደሚበልጡ የገባኝ። አጠገቤ ጠያቂ የሌለው ልጅ መኖሩን ከሰው ሰምተው ደግሞ እንጀራውን ሁለት አደረጉት። የማን ልጅ ነው ብለው አልጠየቁም።

ስፈታ ሥዕሉ ቦታው ተመልሶ አየሁት። እሳቸውም አላነሱብኝ፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩ። ዛሬ እናንተ ፊት እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ እድራችን ጉዳይ ልመለስ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አክስቴ ያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች ሄደውባቸዋል። ያኔ «ቤቱን እንጂ ጎረቤቴን አልወሰዱብኝም» አሉ። ተከራዮቹም እንደ ልጆቻቸው ሆነው ቀሩ። በስተኋላ ግን ጎረቤትም የሚሄድበት ቀን መጣ። ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚነግረን የሰንጋ ገበያ የነበረ ሰፈር ነው፤ ዛሬ የባንክ ፎቅ ሰፈር ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የ40/60 ቤቶች እጣ ሲወጣም አንዱ ሳይት ይኸው የእኛው ሰፈር ነበር። አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ ስንቱ ወደ ዳር ሄደ! አክስቴም ጀሞ ገቡ። ቢሆንም ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የእድር መዋጮ ይዘው ይመጡ ነበር። «ገንዘቡን በልጅ ላኪው» ሲሏቸው «ገንዘቡስ ይላካል፣ እኔ ግን ፊታችሁን ልይ ብዬ ነው» ይሉ ነበር።

የፊታችን እሑድ በስብሰባችን ላይ «ወደ ዳር የሄዱ አባላት ይሰረዙ» የሚል ሐሳብ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁ። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚሸከመው፣ ሌሊት የሚያድረው እዚህ የቀረው ጥቂት ሰው ነው፤ ድካሙ በእነሱ ላይ ወድቋል። እውነት አላቸው። ስለሆነም እኔ የምለው ይህን ነው፤ ዳር ያለው አባል መዋጮውን ከፍ አድርጎ ይክፈል፣ በዚያም ገንዘብ ድንኳን የሚተክልና ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ይቀጠር። ቀብር ላይ ግን ራሱ ይምጣ። ስሙ ከመዝገብ አይፋቅ።

አክስቴን የቀበራችኋቸው እናንተ ናችሁ። ከጀሞም፣ ከዚህም መጥታችሁ። ደንቡ ቀደም ብሎ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እኔ ከማን ጋር እቆም ነበር?

ግንቦት 1 ንፍሮው እንደ ወትሮው እዚሁ ይቀቀላል። ባቄላውንና ስንዴውን እኔ አመጣለሁ፤ ጨው የሚቀምስ ሰው ግን ከእናንተ ይምጣ።

እግዚአብሔር የአክስቴን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። እናንተንም ያቆይልኝ።