ንጹሕ ማር ከቀፎ ይጀምራል

በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቡሹሎ የከተማውና የገጠሩ ኑሮ የሚገናኙባት ስለሆነች ማር አምራቹም ማር ገዢውም በአንድ ደብር ይሰበሰባሉ። ምእመናን ማርን ለምግብ ብቻ አይገዙትም፤ ለሕመምተኛ፣ ለአራስና ከጸበል ጋር ለመውሰድም ይፈልጉታል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሸጠውን ደግሞ ሳይጠራጠሩ ያምኑታል። ኃላፊነታችንን የሚያከብደው ይህ እምነት ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ሕፃናት እንናገር። ማር ምንም ያልተቀላቀለበት ቢሆን እንኳ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ጤነኛ አዋቂን አይጎዳውም፤ አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጡንቻን ያልማል፤ መጥባትንና መተንፈስን ያውካል። ዘሩ በተራ ማፍላት አይሞትም። ስለዚህ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ለክርስትና ሲመጡ፣ ወላጆችንና የክርስትና እናቶችን «ዓመት ሳይሞላው ማር አታቅምሱት» ብለን እንምከር። ይህ ቃል ከካህን አንደበት ሲወጣ ይሰማል።

ሁለተኛው ቆረጣው ነው። ንቦች የማሩን እንጀራ በሰም የሚከድኑት ውኃው ሲቀንስ ነው። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውኃው ስለሚበዛ ይቦካል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ በማር ውስጥ ያለው ውኃ በጥቅሉ ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ የተከደነውን ብቻ እንቁረጥ፤ እጭ ያለበትን እንለይ፤ ጢሱንም በልክ እናድርገው።

ሦስተኛው ዕቃው ነው። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለማር አይሆንም። ማር አሲድነት ስላለው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮንም ይበላል። ለምግብ የተሠራ ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይዘጋጅ። አትክልት የሚረጭ ገበሬም አበባ ላይ እንዳይረጭ፣ ንብ አርቢ ጎረቤቱን አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ ማምሻውን እንዲረጭ እንምከረው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ እንድትችል የተፈቀደላት የኬሚካል ቅሪት መቆጣጠሪያ ዕቅድ አቅርባ ነው። ለባዕድ ገበያ የምንጠነቀቀውን ያህል ለጎረቤታችን ልንጠነቀቅ ይገባል።

አራተኛው ማጭበርበር ነው። በማር ላይ ስኳር ይጨመራል። በክብሪት መለኮስና በውኃ መጣል ግን አስተማማኝ ፍተሻ አይደሉም፤ እርጥበትንና ውፍረትን እንጂ ስኳርን አይለዩም። ማር መርጋቱም የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም። እርግጡን የሚናገረው ቤተ ሙከራ ነው። ሰምም እንዲሁ ከፓራፊን ጋር ይቀላቀላል፤ ያ ሰም ለጧፍ ብቻ ሳይሆን ለቀፎ ከዋለ ወደ ማሩ እንጀራ ይመለሳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን፤ በግቢው የሚሸጥ ማር ሁሉ የአምራቹ ስምና የተቆረጠበት ቀን ይጻፍበት፤ ከእያንዳንዱ ርክክብ ጥቂት ናሙና ይቀመጥ፤ በዕቃውም ላይ «አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ግን ሕይወት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።