ሶለልና የዓለም ክብረ ወሰን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ሰሞን በመካከላችን አንድ ሐሳብ ይወራል። ይኸውም በነሐሴ ወር የራያን ቆላ ልጃገረዶች በቆቦ ሜዳ ላይ ሰብስቦ፥ በአንድ ጊዜ ከበሮ አስመትቶና አዘፍኖ የዓለምን ክብረ ወሰን መስበር ነው። የቆቦ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ደስታ ብቻውን መሪ ሊሆን ስለማይገባው፥ ጉዳዩን ከሥሩ እንመርምረው።

በመጀመሪያ፥ ክብረ ወሰን ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በቬኔዙዌላ ዋና ከተማ በካራካስ 12 ሺህ ያህል ሙዚቀኞች ተሰብስበው የቻይኮቭስኪን የስላቭ ማርሽ ተጫወቱ። ደንቡ ከአምስት ደቂቃ በላይ በአንድነት መጫወትን ያዛል፤ ይህንንም የሚያረጋግጡ ተቆጣጣሪዎች በመካከላቸው ቆመው ነበር። በመጨረሻ የተመዘገበው ቁጥር 8,573 ሆነ። ይህ ቁጥር ግን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬኡ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሠረቱት ድርጅት በየሰፈሩ ለልጆች ሙዚቃ ሲያስተምር 46 ዓመት ቆይቶ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩ የትምህርቱ ፍሬ ነው እንጂ ትምህርቱ የቁጥሩ ፍሬ አይደለም።

ሁለተኛው የድምፅ ጠባይ ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በሜዳው ዳር የተመታ ከበሮ 170 ሜትር ርቃ ለቆመችው ልጅ የሚደርሳት ግማሽ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ግማሽ ሴኮንድ ደግሞ ጭብጨባን ከዘፈን ለመለየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዮሐን ስትራውስ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ዘማሪዎች የተሰለፉበትን ሙዚቃ ሲመራ መቶ ያህል ረዳቶች አስፈልገውታል፤ የመጀመሪያውም ምልክት የተሰጠው በመድፍ ተኩስ ነበር።

በቆቦ መድፍ የዘፈን ምልክት እንዲሆን የሚመኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን፥ ነሐሴ 18፥ ውጊያው በዚያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከበሮ ሊሰማበት በሚገባው ሳምንት የተሰማው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነው።

ሦስተኛው የበዓሉ ጠባይ ነው። ሶለል የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። ላስታ አሸንድዬ፥ ዋግ ሻደይ፥ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። ልጃገረዶቹ በቡድን በቡድን ሆነው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ አንዷ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፥ ከበሮ መቺዋም ከአጠገባቸው አትርቅም። ክበባቸው ጠባብ ስለሆነ ምቱ አይዘገይም። የፊዚክስ መምህራኖቻችን የሚያስተምሩንን የእኅቶቻችን እግር አስቀድሞ ያውቀዋል። አውጪዋም የባለቤቱን ሁኔታ አይታ ለዚያ ቤት የሚስማማውን ግጥም ትመርጣለች። በሺህ ሰልፍ መካከል ግን ደጃፉም፥ የምትመርቀው እናትም የሉም።

ታዲያ ነገሩን እንተወው ወይ? እኔ አንተወው ባይ ነኝ። ሳይዘፈን ያለፈውን ነሐሴ ያየ ሕዝብ፥ ልጆቹ በአንድነት ሲዘፍኑ ቢሰማ የሚነቀፍ አይደለም። ብቻ ሦስት ነገር ይጠበቅ።

አንደኛ፥ ቀኑ ነሐሴ 16 አይሁን። ያ ቀን ለየደጃፉ ይቅር፤ ስብሰባው በበዓሉ መጨረሻ ይደረግ።

ሁለተኛ፥ ቡድኖቹ አይፍረሱ። እያንዳንዱ ክበብ ከነአውጪው፥ ከነከበሮው ይቁም። ምልክቱም ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን ይሁን፤ ከፍ ተደርጎ የሚውለበለብ ነጭ ነጠላ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ጥሪው ለቆቦ ብቻ ሳይሆን ለላሊበላም፥ ለሰቆጣም፥ ለአላማጣና ከዚያም ወዲያ ላሉት እኅቶቻችን ይድረስ። ወንድሞቻቸው በጦርነቱ በተለያየ ወገን የተሰለፉ ልጃገረዶች በአንድ ምት ቢያጨበጭቡ፥ ያን የሚመዝን መዝገብ አላውቅም።

የእኛስ የተማሪዎቹ ድርሻ ምንድን ነው? ተምረናል የምንል፥ ይልቁንም ወንዶቹ፥ በሄድንበት ሁሉ መምራት እንወዳለን። ሶለል ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የከረመች ልጅ ማንም ሳያዝዛት የምትውልበት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ወስደን እኛ በጩኸት የምናሰልፋት ከሆነ፥ ክብረ ወሰኑ የእኛ፥ ድካሙ የእርሷ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ውሃ ማቅረብ ይሁን፤ የቆቦ ፀሐይ በክረምትም አትምርምና። ደግሞም መቁጠርና ግጥሞቹን ከአረጋውያን እናቶች አፍ ሰምቶ መጻፍ ይሁን።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለክብረ ወሰን መዝጋቢዎቹ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ወደ ቆቦ ወርደን ልጃገረዶቹን እንጠይቅ። እሺ ካሉ አብረን እንሥራ። እምቢ ካሉ ደግሞ ነገሩ እዚያው ይብቃ፤ በዓሉ የእነርሱ ነውና።