የብርሃን እውነት በኮምፒዩተር ሥዕል



አሠሪ ሕንፃው ከመቆሙ በፊት የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣውም ሥዕሉን አምኖ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር በተሣለ ሕንፃ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሐሰት ሲሆን የተጎዳው እምነት ነው።

ብርሃን በመጀመሪያ በነካው ግድግዳ አይቆምም፤ ከግድግዳ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጣሪያ እየነጠረ፣ የነካውንም ቀለም ይዞ ይጓዛል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ነጸብራቅ በሒሳብ አስልተው፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ጎረቤቱን ነጭ ግድግዳ እንዴት እንደሚያቀልም በአንድ ባዶ ሣጥን ሥዕል አሳይተዋል። ስሌቱ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል፤ ዛሬ ሥዕሉን የሚያሳስተው በአብዛኛው ለማሽኑ የሚሰጠው መረጃ ነው።

ንጹሕ ነጭ ቀለም እንኳ የሚመልሰው ከተቀበለው ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ነው፤ 100 በመቶ ተብሎ ሲሞላ ክፍሉ ከልክ በላይ ይፈካል። የፀሐይም አቅጣጫ እንደ አገሩ ነው። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በሰኔ አጋማሽ ግን በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። የሰሜኑን ፊት ዓመቱን ሙሉ በጥላ የሚሥል ባለሙያ፣ የሰኔ ፀሐይ የሚያርፍበትን መስኮት ያለ መከለያ ይተዋል።

አማላይ ሥዕል አሠሪን ለአንድ ቀን ያስደስታል፤ እውነተኛው ሥዕል ግን ሕንፃው ሲያልቅ ለባለሙያው ምስክር ይቆማል።