ጅቡና ጉርሻው



ዛሬ የምናገረው ፍርሃት የምግብ ፍላጎትን እንዴት እንደሚያፍን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ካነን የሚባል የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ፣ ከተገኘ ገና ጥቂት ጊዜ የሆነውን ራጅ ይዞ የድመቶችን ጨጓራ መመልከት ጀመረ። ጨጓራ በራጅ ጠርቶ ስለማይታይ ከምግቡ ጋር ቢዝመዝ የተባለ ማዕድን ይቀላቅልበታል። ያኔ የጨጓራው ግድግዳ በየተራ እየተኮማተረ ምግቡን ወደ ታች ሲገፋ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አንድ ጊዜ ግልገሎች ያሏት ድመት ተረጋግታ ከተኛችበት ድንገት መቁነጥነጥ፣ ዙሪያዋንም መቃኘት ጀመረች። ጨጓራዋ ወዲያው ቀጥ አለ። ካነን እየደባበሰ አባበላት፤ ኩርር ማለት ስትጀምር ጨጓራዋም ሥራውን ቀጠለ።

ካነን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስፋፍቶ አብራርቶታል። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይረጫል፤ ደም ከአንጀት እየሸሸ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ምራቅም ይደርቃል። ለማምለጥ ወይም ለመፋለም የተዘጋጀ አካል ምሳ ለመፍጨት ጊዜ የለውም። በጥንት ሕንድ ተጠርጣሪን ሩዝ አስኝኮ የመፍረድ ልማድ እንደነበረም ካነን ይተርካል። የተፋው ሩዝ ደረቅ ከሆነ ጥፋተኛ ነው ይባላል። መቼም ንጹሕም ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም አፉ ይደርቃልና፣ ስንቱ ያለ ጥፋቱ ተቀጥቶ ይሆን?

ጨጓራ ግን ታዛዥ ነው፤ አዛዡ አንጎል ነው። ኤስቴስና ስኪነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1941 ይህን የሚያመለክት ሙከራ አሳተሙ። የተራቡ አይጦች ዘንግ እየተጫኑ ምግብ ያገኛሉ። በመሐሉ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ሲያበቃ እግራቸውን ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ይህ ሲደጋገም አይጦቹ ድምፁን በሰሙ ቁጥር ዘንጉን መጫን እየተዉ መጡ። ልብ በሉ፤ ምግቡ አልተከለከለም፤ ረሃባቸውም አልጠፋም። የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ መሆኑን ማወቃቸው ብቻ በቂ ነበር።

ይህን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው? አሚግዳላ የሚባል፣ በሁለቱም የአንጎል ጎን በጥልቀት የተቀመጠ የለውዝ ቅርጽ ያለው አካል አለ። ጎሪሳ ፔትሮቪችና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሚግዳላቸው ማዕከላዊ ክፍል የተጎዳ አይጦች አስፈሪው ምልክት እየተሰጣቸውም መብላታቸውን አላቋረጡም። በ2013 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነ ሪቻርድ ፓልሚተር፣ ከአንጎል ግንድ ተነሥተው ወደዚሁ ማዕከላዊ ክፍል የሚዘልቁና የምግብ ፍላጎትን የሚዘጉ ነርቮችን ለይተው አሳዩ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በካሊፎርኒያ የእነ ዴቪድ አንደርሰን ቡድን እዚያው አሚግዳላ ውስጥ፣ በብርሃን ሲቀሰቀሱ የተራበችን አይጥ ከመብላት የሚያስቆሙ ሕዋሳት አገኘ። እነዚሁ መስመሮች በሕመም ጊዜም ይሠራሉ፤ የታመመ ሰው ምግብ የሚያስጠላው ያለ ምክንያት አይደለም።

በእርግጥ አይጥ ሰው አይደለችም። ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀትም አንዳንዱን ሰው ከልክ በላይ ያስበላዋል፤ እሱ ሌላ ዲስኩር ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ እኔ የማነሣው አንድ ነገር ነው፤ ፍርሃት ረሃብን አያጠፋውም፣ ያፍነዋል። የሚበላ የሚፈልገው አካል እዚያው አለ፤ የተዘጋው መንገዱ ነው።

በየቤታችን ግን ይህን ገልብጠን እንሠራበታለን። ልጅ ምሳውን እምቢ ሲል «ብላ! አለዚያ አያ ጅቦን እጠራዋለሁ!» እንላለን። ሲብስም አለንጋ እናሳያለን። ልጁ እንባውን እየጠረገ ሁለት ጉርሻ ይውጥ ይሆናል፤ እኛም ዘዴው ሠራ እንላለን። የዋጠው ግን ታዝዞ ነው እንጂ አምሮት አይደለም። ነገሩ በየቀኑ ከተደጋገመ፣ ትሪው ሲቀርብ ገና ልጁ እንደነዚያ አይጦች መደንገጥ እንዳይለምድ እሰጋለሁ። ጅብ እየጠሩ ማብላት፣ በእኔ አስተያየት፣ የልጅን የምግብ ፍላጎት በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ወላጆችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ እባካችሁ ጅቡን ከማዕድ አርቁልን። ልጁ አልበላም ካለ ትሪውን አንሡ፤ ጥቂት አጫውቱትና መልሳችሁ አቅርቡለት። ለቀናት እምቢ ካለ ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ምክንያቱ ሕመም ሊሆን ይችላል።